ሦስቱ አረንጓዴ ስፌቶች

እትዬ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። ቦርሳዎን እዚህ ወንበር ላይ ያድርጉት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃው አላስቸገረዎትም? እኔማ ዛሬ ጠዋት ሦስት ጊዜ ቆሜ ነው የወጣሁት፤ ወይ እኔ አርጅቻለሁ፣ ወይ ደግሞ ሰው ሳያይ ደረጃ ይጨምሩበታል። ነገ የሚያደርጉትን ጫማ ይዘውልኛል? እሰይ። ብዙ ሰው ጠርዝ ሊያስለካ ሲመጣ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይቆምና፣ በማግስቱ ባለ ተረከዝ ሲያደርግ ቀሚሱ አጠረብኝ ብሎ ይጣላናል። ያድርጉትና እዚች በርጩማ ላይ ይውጡልኝ። ትከሻዬን ይያዙ፣ አይፍሩ። እንዲህ። አሁን ፊትዎን ወደ መስታወቱ፣ እጅዎን ወደ ታች ለቀቅ። ከዚህ በኋላ ግን አደራዎን እንዳይንቀሳቀሱብኝ፤ ዙሪያዎን ስፒል ነው የምሰካው፣ ቢፈልጉም መሄድ አይችሉም።

ያምርብዎታል እኮ። ወንድምዎ ጨርቅ መምረጥ ያውቁበታል። ነገ ጋሼ የዚህን ቤት ቁልፍ ሲያስረክቡ እርስዎ በዚህ ቀሚስ አጠገባቸው ቆመው ሲታዩ፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ እናንተኑ ነው የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቆሙትን የልብስ ስፌት ቤት ለሌላ ሰው ሰጥቶ መሄድ ቀላል አይደለም። ታላቅ እህታቸው ነዎት፤ ከእርስዎ ሌላ የሚሰሙት ሰው የለም ይባላል። እኔ እንኳን የሰማሁትን ነው፤ ምን አገባኝ ብዬ።

እኔ አፌ ካልሠራ እጄም አይሠራም፣ ስለዚህ ወሬዬን ይቻሉኝ። ምን እያነበቡ ነው? እ… ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለችውን ካርድ ነው? እሷን ከሁለት ወር በፊት ነው የሰቀልናት። “የቤታችን እሴቶች፤ ታማኝነት፣ ኃላፊነት፣ መከባበር።” ጽሑፉ አያምርም? በፕላስቲክ የተለበጠው እንዳይቆሽሽ ተብሎ ነው። እንዴት ያለ አሳቢነት መሰለዎት። ድሮ እኛ እሴት የሚባል ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር፤ እንዲሁ በጨለማ ነበር ስንሠራ የኖርነው። አሁን ግን አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፣ ወዲያው ያበራል።

የጻፈችውን ሰው ስም አልነግርዎትም። ትሑት ናት፣ ስትመሰገን ታፍራለች። ደግሞ እዚያ ጥግ ካውያ ላይ የቆመችውን ነው ብለው እንዳይጠረጥሩብኝ። ኧረ እሷ ሥራ ላይ ናት፤ በዚያ ላይ የእንፋሎቱ ድምፅ ምኑን ያሰማል? እኔ የማወራው ስለ አንዲት ሌላ ሰው ነው። የት እንደምትሠራ እንኳን… አሁን ትዝ አይለኝም።

ክንድዎን ትንሽ ከፍ። አመሰግናለሁ።

የክሩን ነገር ጋሼ ነግረውዎት ይሆናል፤ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ስለሚያሰለች እንደገና ልንገርዎት። እዚህ ቤት አንድ ልብስ ሰፍታ የጨረሰች ሰው ገበሩ ውስጥ፣ ከግራው ብብት ዝቅ ብሎ፣ በራሷ ቀለም ክር ሦስት ጊዜ ሰያፍ አድርጋ በእጇ ትሰፋለች። ከውጭ አይታይም። የኔ ቢጫ ነው። የእቴቴ አረንጓዴ ነበር። ያቺ የምነግርዎት ሰው ደግሞ ወይን ጠጅ መረጠች፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር ትወዳለች። ከዓመት በኋላ አንዱ ልብስ ተተርትሮ ወይ ተጣሞ ከመጣ፣ ገበሩን ገልበጥ አድርጎ ክሩን ማየት ነው። የክሩ ባለቤት ትነሳና ደንበኛዋ ፊት ቆማ ሁለት ቃል ትናገራለች፤ “የኔ ነው” ትላለች። በቃ። ሰበብ የለ፣ ክርክር የለ። ከዚያ ቁጭ ብላ ታስተካክለዋለች።

ሌላም ያልተጻፈ ሕግ አለ። እዚህ ቤት “የሷ ነው” ማለት ነውር ነው። የገባሁ ቀን ጋሼ መጀመሪያ የነገሩኝ ይህን ነው። ጣትሽን ለመርፌ ያዢው፣ በሰው ላይ እንዳትቀስሪው አሉኝ። እኔም ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማንም ላይ ጣቴን ቀስሬ አላውቅም። ዛሬም አልቀስርም፤ እንደሚያዩት እጄ ሙሉ ስፒል ነው።

እቴቴን ያስታውሷታል አይደል? ቀጭኗ፣ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣ ስትስቅ አፏን በሜትሩ የምትሸፍነው። ከጋሼ ጋር ቤቱን የከፈተችው እሷ ናት። ያቺ የምነግርዎት ሰው ከአራት ዓመት በፊት ስትመጣ መቀስ እንኳን አያያዙን አታውቅበትም ነበር። የኛ መቀስ ሁሉ አልታዘዝላት ይላል፤ ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሁላችንም አይሆንላትም ብለን ነበር። እቴቴ ግን አንድ ሳምንት ዝም ብላ አየቻትና ለልጅቷ እጅ የሚስማማ መቀስ ፈልጋ አፈላልጋ አመጣችላት። አጠገቧ አስቀመጠቻት። ክር ማስገባቱን፣ ጨርቅ በእጅ ዳብሶ ማወቁን፣ ሁሉንም አስተማረቻት። ተማሪዋም እንዴት ያለች ተማሪ መሰለችዎት! ከእቴቴ ያልወሰደችው ነገር የለም። አንድም ነገር አላስቀረችላትም።

ወደ ቀኝ ዞር ይበሉልኝ፣ በቀስታ። እንዲህ፣ ይበቃል።

ከፋይ የሚባለውን ጨርቅ ያውቁታል። ፀጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል። ቀሚስ ሲቆረጥ የሁሉም ቁራጭ ፀጉር ወደ አንድ ወገን መተኛት አለበት። አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ምንም አይታወቅም። ኃይለኛ መብራት ሲያርፍበት ግን አንዱ ጎን ቀይ፣ አንዱ ጎን ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ልብስ ሰፊ ካልሆነ በቀር ይህን ስህተት የሚሠራው የለም፤ ሌላው ሰውማ ከፋይ ወዴት እንደሚተኛ ምን ቸገረው?

ከሦስት ወር በፊት ሦስት ዘፋኞች አንድ ዓይነት ቀይ የከፋይ ቀሚስ አዘዙ። ጊዜው አጭር ስለነበር እየተቀባበልን ነው የሠራነው፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ታገጣጥማለች፣ ማን የቱን እንደጨረሰች ከክሩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንዷ ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጣች። መብራቱ ሲበራ ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ጥቁር። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ውሃ የተደፋባት መስሎት ሲያዝንላት አመሸ አሉ። በማግስቱ ቀሚሱን ይዛ እዚሁ መጣች፣ እርስዎ አሁን የቆሙበት ቦታ ላይ ቆመች። ጋሼ ገበሩን ገለበጡ። ክሩ… አረንጓዴ።

እቴቴ መነጽሯን አደረገች። አወለቀች። በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና አደረገች። ይህን ቀሚስ እኔ አልጨረስኩትም ብላ ስታስብ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ግን ያ ክር አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ከክሩና ከራሷ ማንኛቸውን ትመን? ክሩን አመነች። ተነስታ “የኔ ነው” አለች። ድምፅዋ ልክ እንደሁልጊዜው ነበር። የተገለበጠውን ቁራጭ አውጥታ በሌላ ቀየረችው፣ ሁለት ቀን ፈጀባት። ከዚያ ዓይኔ ከድቶኛል፣ ዓይኑን የማያምን ሰው የሰው ልብስ ሊነካ አይገባም ብላ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። ማንም ውጪ ያላት የለም። ጋሼ ቢለምኗትም እምቢ አለች።

እኔ ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎትም። ግን ለቅሶ ማለት የዚያች የምነግርዎት ሰው ነበር። እቴቴን ክንዷን ይዛ ደረጃውን አወረደቻት። ቦርሳዋን እስከ መንገድ ተሸከመችላት። አንገቷን አቅፋ ስትንሰቀሰቅ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ አየ። ልቧ እንዴት ስስ ነው አልን። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ደግሞ እቴቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እንዳይቀዘቅዝ ብላ ይሆናል እንጂ ሌላማ ምን አስባ?

እትዬ… የሚሸት ነገር አለ? ጨርቅ የሚያር ይሸተኛል። አይዞዎት፣ አይዙሩ፣ ስፒሉ ይወጋዎታል። ካውያው ትንሽ አንድ ቦታ ቆሞ ይሆናል። ሰው ነው፤ ሐሳብ ሲይዘው እጁ ይረሳል። ምኑ ይሆን? የጋሼ የነገው ኮት ነው እንዴ? አይ ጣጣ። ካውያ ደግሞ ክር የለው፣ ማን እንዳቃጠለ አያሳይም፤ አንዳንድ ሰው ከመርፌ ይልቅ ካውያ የሚወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም ኮቱ ውስጥ ያለው ቢጫ ነው፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት። ጋሼ ከጠየቁ የኔ ነው እላቸዋለሁ። አዩ፣ ቃሉ ምንም አይከብድም። ምላስ አያቆስል፣ ጥርስ አይሰብር። ሰው ለምን እንደሚፈራው አይገባኝም።

ጨዋታዬን አስረሳኝ። የት ነበርኩ? እ… እቴቴ ከሄደች በኋላ ማለቴ ነው።

ያቺ የምነግርዎት ሰው ወር ሳይሞላት ሰበሰበችን። ስለ እሴት ልታስተምረን። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ታማኝነት ስትናገር አንድም ጊዜ ወረቀት አላየችም፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። ሰው የሌለውን ነገር እንዲህ አድርጎ… ይቅርታ፣ ሰው የሚወደውን ነገር እንዲህ አድርጎ ሲያጠና አይቼ አላውቅም። ጋሼ ደስ አላቸው። የቁልፉ ነገር ያን ቀን ነው የተወሰነው መሰለኝ። እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ካርዷ ተሰቀለች።

እኛ ግን፣ እትዬ፣ አንድ ነገር ጀምረናል፤ ለጋሼ እንዳይነግሩብኝ። ሦስቷን ስፌት እንደጨረስን በስልካችን ፎቶ እናነሳታለን። ሁላችንም። መጀመሪያ ተደብቀን ነበር፣ አሁን በግልጽ ነው። ቀኑን ጭምር እንይዛለን። እቴቴን የሚያህል ሰው እጅ ከተሳሳተ የኛ ምን ዋስትና አለው ብለን ነው የጀመርነው። አሁን ደግሞ አንዷ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ የክር ሳጥኗን ቆልፋ ነው የምትሄደው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳጥኔ ክፍት ነበር፤ የፈለገ ሰው ቢጫ ክር አንስቶ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክልበት ነበር። ሳጥኔን የቆለፍኩ ቀን መክፈቻውን የት እንደማኖረው ጠፋኝ። የምሬን ነው፣ መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት።

እሴት ምንድን ነው ቢሉኝ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንደ ካርዷ አሳምሬ አልመልስም። እስከዚያ ድረስ አስቤውም አላውቅ። ሳጣው ነው ያወቅኩት። ማንም የማያየው ቦታ ላይ ሦስት ስፌት ነበረን፤ እሱን ስለምናምን ሌላውን ሁሉ እናምን ነበር። ደንበኛው እኛን ያምናል፣ እኛ እርስ በርሳችን እንተማመናለን፣ እቴቴ ደግሞ ከራሷ ዓይን አስበልጣ አመነችው። አንድ ሰው የራሱን ሦስት ስፌት ሲተረትር የራሱን ብቻ መስሎት ይሆናል። የሁላችንም ነው የተተረተረው።

ኧረ እኔ ደግሞ! ምን አስመረረኝ? ጨዋታ ነው እኮ። ወደ ግራ ዞር ይበሉልኝ። ግራ… አዎ፣ ግራ የሚባለው እንዲያ ነው።

ለምን “ተረተረ” አልሽ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ያቺ ዘፋኝ ወፈር ብላ፣ ወገቡን ልቀቁልኝ ብላ ያንኑ ቀይ ቀሚስ አመጣችው። ለኔ ደረሰኝ። ገበሩን ከፈትኩ። የእቴቴን አረንጓዴ ሳይ ናፍቆቷ ያዘኝና ጣቴን አሳረፍኩበት። ሻከረኝ። ብርሃን ላይ አወጣሁት። ሳቲን ገበር አንዴ መርፌ ከገባበት ቀዳዳው አይድንም፤ ከአረንጓዴው ሥር አረንጓዴው ያልሞላቸው ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ የክር ብናኝ ቀርቷል። ቀለሙን… አይ፣ ዓይኔ ተሳስቶ ይሆናል፣ እኔም እያረጀሁ ነው። ወይን ጠጅ የሚመስል ነገር ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። እቴቴ በቀኝ እጇ ነው የምትሰፋው፤ ስፌቷ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የኔም እንደዚያው ነው፣ የሌሎቹም። እነዚያ ሦስት አረንጓዴዎች ግን ወደ ግራ ተኝተዋል። በግራ እጇ የምትሰፋ ሰው እዚህ ቤት… ስንት ናት? እኔ ቆጥሬ አላውቅም። ሰውን በእጁ መለየት ጥሩ አይደለም።

እትዬ፣ እርስዎ ፊትዎ ወደ መስታወቱ ነው፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ ይታይዎታል። እስቲ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ያቺ ልጅ ካውያውን በየትኛው እጇ ነው የያዘችው? አይ፣ አይንገሩኝ። ይተዉት። መስታወት ይገለብጣል፣ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል፤ በመስታወት ያዩት ነገር ለምስክርነት አይሆንም። በዚያ ላይ አልኩዎት እኮ፣ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እንዴት እንዳደረገችው ሳስብ ግን አደንቃታለሁ። ጨርቁ አልበቃ ሲላት ቁራጩን ገልብጣ አብቃቃችው እንበል። ሁላችንም የምንሠራው ነገር ነው፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሠርቼዋለሁ፤ የኔ ነው ብዬ፣ እቴቴ ስቃብኝ፣ አለፈ። እሷ ግን ልብሱን ከጨረሰች በኋላ፣ የራሷን ክር ከሰፋች በኋላ፣ መስኮቱ ጋ ይዛው ስትሄድ የአንዱን ጎን ጥቁረት አየችው። ዘፋኟ ደግሞ ልትወስድ በር ላይ ቆማለች። ሰው ምሳ ወጥቷል። የእቴቴ የክር ሳጥን ክፍት ነው፣ እንደሁልጊዜው። ሦስት ማውጣት፣ ሦስት ማስገባት። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ፈጣን እጅ አይደነቅም? እቴቴ እጅሽ ፈጠን ይበል እያለች ስንት ዓመት ነበር የምትመክራት፤ ይኸው ፈጠነ።

ታዲያ ለምን ለጋሼ አልነገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? “የሷ ነው” ብዬ? ነውር ነው አልኩዎት። ጋሼ ያቆሙትን ሕግ እኔ በጋሼ ፊት ላፈርሰው? “የኔ ነው” የሚለው ቃል ደግሞ ባለቤቱ ካልተናገረው ዋጋ የለውም፤ ሰው ሊያግዝዎት አይችልም። ስለዚህ ጠበቅሁ። ሰባት ቀን። በየጠዋቱ ቀዩን ቀሚስ ገበሩ እንደተከፈተ መግቢያው መተላለፊያ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ትከሻውን እንዲነካው አድርጌ። ሁሉም ነካው። አንዷ ብቻ በየቀኑ በሌላኛው በር ዞራ ትገባለች። ለጤናዋ ብላ ነው፣ መራመድ ጥሩ ነው ይላሉ።

እሁድ ዕለት እቴቴ ቤት ሄጄ ነበር። የሹራቧ ቁልፍ ወድቆ በስፒል ይዛዋለች። እቴቴ፣ ስፊው እንጂ አልኳት። ዓይኔን አላምነውም አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልብስ ስታሳምር የኖረች ሴት የራሷን ቁልፍ መስፋት ፈራች። በይ እኔ ልስፋልሽ ብዬ ክር አልገባ አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ነጠቀችኝ። መነጽር የለ፣ መብራት የለ፣ በአንድ ጊዜ አስገብታ መለሰችልኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገች እሷም አላስተዋለችም። ወሬዋን ቀጠለች። እኔ መርፌውን ይዤ ቀረሁ። ዓይኗ ምንም አልሆነም፣ እትዬ። ሁለት ቃል ብትሰማ ነገ ጠዋት እዚያ መስኮት ሥር ናት።

ይተዉት፣ ሆድ ይፍጀው። ከነገ በኋላማ ቁልፍ ይዞ “የኔ ነው” ማለት ይከብዳል፤ ዛሬ ነው የሚቀለው። ዛሬም ገና አልመሸም።

ጨረስኩ። ይኸው፣ ዙሪያውን እኩል ነው። ትከሻዬን ይያዙና ይውረዱ፤ ቀስ ይበሉ፣ ቀኝ እግርዎን መጀመሪያ። ፊትዎ ምነው ተለወጠ? ስፒል ወጋዎት? መቆሙ አድክሞዎት ይሆናል። ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት። ጋሼን ምሳ ላይ እንደሚያገኟቸው ሰምቻለሁ፤ ቀሚሱ ደርሷል ይበሏቸው፣ ይደሰታሉ። ሌላውን… እንደመሰለዎት።

የኔ እህት! ካውያው ዝም አለ፣ ጨረስሽ? ነይ እስቲ። እትዬን ሰላም በያቸው፤ እኛ እዚህ ስለ ሌላ ሰው ስናወራ አንቺን ረሳንሽ። ምነው ላበሽ? እንፋሎቱ ነው። ለኮቱ አትጨነቂ፣ የኔ ነው ብያለሁ። ቀጥሎ የሚተኮሰውን ካውያው ጋ ሰቅዬልሻለሁ፤ ያ ቀይ ከፋይ ነው። ገበሩን አልዘጋሁትም። አንገቱ ላይ መርፌ ሰክቼልሻለሁ፣ ወይን ጠጅ ክር አስገብቼበታለሁ፤ ለእጅሽ የሚሆነውን መቀስም አጠገቡ ነው ያደረግሁት። ምናልባት ካስፈለገሽ ብዬ ነው። ዘፋኟ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፣ ጋሼም ያኔ እዚሁ ናቸው።

ነገ መራቂ ይበዛብሻል፣ የኔ ድምፅ አይሰማም። ዛሬ ልመርቅሽ፤ ነይ፣ ጎንበስ በይልኝ። እኔና አንቺ ክፉ ተነጋግረን አናውቅም፣ አሁንም የማወጣው ቃል ሁሉ ከልቤ ነው። ቁልፉን በሰላም ተረከቢ። የእቴቴ ወንበር ይመችሽ። ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ። እንዳስተማርሽን የሚያስተምርሽ፣ አስተማሪሽን እንዳከበርሽ የሚያከብርሽ ሰው ይስጥሽ። እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። ከዛሬ ጀምሮ የሠራሽውን ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬም የሠራሽውን ሁሉ፣ አንዲት ስፌት ሳትቀር፣ በራስሽ ስም ያስጠራልሽ።

አሜን በይ እንጂ።